ለቆራሌው የሸጥኩት ዲናሞ

ዛሬ የማጫውታችሁ በየበረንዳችን ጥግ ስለሚከማቸው አሮጌ ዕቃ፣ በተለይም ከተበላሸ ልብስ ማጠቢያና ከውሃ ፓምፕ ስለሚወጣው ሞተር፣ ብዙዎቻችን “ዲናሞ” ስለምንለው ነው። “የመጋቢ ሚስት በዲናሞ ምን አገባት?” የምትሉ አትጠፉም። አግብቶኛል። ያገባኝ ግን በጥፋቴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ፋሲካ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ኮልፌ በሚገኘው ቤታችን የበዓል ጽዳት ጀመርኩ። ባለቤቴ እጁ ሥራ መፍታት አይወድም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካቻቢቴና ፒንሳ ይዞ በረንዳ ላይ ካልተቀመጠ ሳምንቱ የሞላለት አይመስለውም። በረንዳው ጥግ ላይ እሱ “ይጠቅማል”፣ እኔ ደግሞ “ግሳንግስ” የምንለው ክምር ነበር። ከክምሩ ውስጥ አንዱ ከአሮጌ ልብስ ማጠቢያ የወጣ ዲናሞ ነው።

“ቆራሌው!” የሚለው ጥሪ በበራችን ሲያልፍ ሰማሁ። ጠራሁትና ከተሰነጠቀ ባልዲና ከዛገ ቆርቆሮ ጋር ዲናሞውንም አስመዘንኩት። የተቀበልኩት ብር ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ገዛልኝ። በረንዳዬም ጸዳልኝ፤ ደስ አለኝ።

ማታ ባለቤቴ ገባ። ወደ በረንዳው ወጣ ብሎ ዝም ብሎ ተመለሰ። እራት በዝምታ በላን። በመጨረሻ፣

“ዲናሞው የት ሄደ?” አለኝ።

“ለቆራሌው ሸጥኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀምጦ ምን ሠራ?”

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። “ለልጁ ቃል ገብቼለት ነበር” ብቻ ብሎ ተነሣ።

“ልጁ” የሚለው ከመዘምራኑ አንዱን ነው። ይሠራበት የነበረው ብረታ ብረት ቤት ተዘግቶበት ሥራ ፈትቷል፤ ሚስቱም የመጀመሪያ ልጃቸውን ፀንሳለች። ለካስ ባለቤቴ ከዚያ ዲናሞ የቢላዋ መሞረጃ ማሽን ሊሠራለት ኖሯል። ወጣቱም ለፋሲካ የሥጋ ቤቶችንና የሰፈሩን ቢላዋ እየሳለ ለወሊድ የሚሆን ገንዘብ ሊይዝ አስቦ ነበር። ይህን ለእኔ የነገረኝ የለም። እኔም አልጠየቅኩም። እስቲ ፍረዱ፤ ጥፋቱ የማን ነው? ያን ሌሊት ሁለታችንም ጀርባችንን ሰጥተን ተኛን።

ሰኞ ዕለት “ተነሣ፣ ፈልገን እናምጣው” አልኩት። ከኮልፌ መርካቶ ሩቅ አይደለም። በታክሲ ሄደን ምናለሽ ተራ ገባን። ቆራሌው ከየሰፈሩ የሚሰበስበው ብረት ብዙው የሚደርሰው እዚያ ነው። የአካባቢው ስም ራሱ ጥያቄ ነው፤ “ምን አለሽ?” ነው የሚለው። በርሜሉ ምድጃ ሲሆን፣ የመኪና ጎማው በረባሶ ጫማ ሲሆን፣ የተጣለው ብረት ተቀጥቅጦ ዶማና መጥረቢያ ሲሆን በዓይኔ አየሁ። የመዶሻው ድምፅ ጆሮ ያደነቁራል። እኔ የጣልኩትን ሁሉ እዚያ ሰው ይጠብቀዋል።

የእኛን ዲናሞ ግን አላገኘነውም። ዲናሞ ውስጡ የመዳብ ሽቦ ስላለው ብዙ ጊዜ ለመዳቡ ሲባል ይፈታል። አንድ ጠና ያሉ ባለሙያ ግን አዘኑልንና የተለያዩ ዲናሞዎች ወደተደረደሩበት ወሰዱን። ወንበር አምጥተው አስቀመጡኝና፣ “እህቴ፣ ሰው ሞተ ብሎ የሚጥለው ዲናሞ ብዙ ጊዜ አልሞተም። አንድ ነገር ብቻ ነው የጎደለው” አሉኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ልቤ ውስጥ አለ።

የዲናሞ አሠራር እኛ እንደምንፈራው አይደለም። በሽቦ ጥቅል ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ጥቅሉ ማግኔት ይሆናል፤ ያ የማግኔት ኃይል መሐል ላይ ያለውን ዘንግ ያሽከረክረዋል። ኤሌክትሪክ እንቅስቃሴን ያለማቋረጥ ሊያሽከረክር እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1821 በሙከራ ያሳየው ማይክል ፋራዴይ የቀጥቃጭ ልጅ ነው። በልጅነቱ የመጽሐፍ ጥራዝ ሙያ የተማረ፣ በኋላም በለንደን የአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኖ ያገለገለ ሰው ነበር። ዛሬ በውሃ ፓምፕ ውስጥ የምናገኘው ዓይነት ሞተር ደግሞ ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1888 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ካገኘበት የመጣ ነው። በዚህ ዓይነቱ ሞተር እርስ በርሱ የሚፋተገው ክፍል ዘንጉን የተሸከመው ኩሽኔታ ብቻ ስለሆነ ዕድሜው ረጅም ነው።

ባለሙያው ለምርመራ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የራሳችን አካል መሆኑን አሳዩን። ያስተማሩንን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ አፍንጫ ነው። ዲናሞውን አሽትቱት። የተቃጠለ ቀለም የሚመስል ሽታ ካለው የሽቦው ጥቅል ተቃጥሏል ማለት ነው። እንደገና ማስጠቅለል ይቻላል፤ ወጪው ግን ለትንሽ ዲናሞ ላያዋጣ ይችላል።

ቀጥሎ እጅ ነው። ከኤሌክትሪክ የተነቀለውን ዲናሞ ዘንግ በእጃችሁ አዙሩት። ያለ ችግር ከዞረ መልካም ነው። ከተንገራገጨ ወይም ወደ ጎን ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው አልቋል። ኩሽኔታ ይለወጣል። 6202 ወይም 6203 እንደሚለው ያለ ቁጥር ጎኑ ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ ያንኑ ቁጥር ይዞ መግዛት ነው።

ሦስተኛው ጆሮ ነው። ኤሌክትሪክ ሲሰጠው “እምም” ብሎ የማይዞር ከሆነና ዘንጉ በእጅ ሲሞከር ነፃ ከነበረ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ካፓሲተሩ ነው። ይህም ይለወጣል። ነገር ግን ካፓሲተር ከኤሌክትሪክ ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ጫፎቹን በእጃችሁ አትንኩ፤ ለባለሙያ ተዉት። የሽቦው ኃይል ወደ ብረቱ አካል አለማለፉንም ባለሙያ በቴስተር ይይልን።

እኛ የመረጥነው ውሃ መግፊያው የተሰነጠቀ የፓምፕ ዲናሞ ነው። ጎኑ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ ግማሽ የፈረስ ጉልበት፣ በደቂቃ 2850 ዙር ይላል። ኩሽኔታው ውሃ ገብቶበት ዝጎ ነበር፤ ጥቅሉ ግን ደህና ነበር።

የመሞረጃውን ድንጋይ ስንገዛ ግን እኔም ሙያዬን አሳየሁ። ባለሙያው ድንጋዩን በጣታቸው አንጠልጥለው በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርገው መታ መታ ሲያደርጉት አየሁ። ወዲያው ገባኝ! እኛ ሴቶች ጀበና ወይም የሸክላ ድስት ስንገዛ የምናደርገው ይህንኑ አይደለምን? ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ ድምፁ ከታፈነ ስንጥቅ አለው። ሁለተኛውን ድንጋይ ሲመቱ “ይሄ አይሆንም” አልኳቸው። ደግመው መቱትና “እውነትሽን ነው” ብለው ወደ ጎን አስቀመጡት። ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ምሽት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

ሥራውን ባለቤቴና ወጣቱ በበረንዳው ላይ ጀመሩት። ቢላዋ በፍጥነት ሲሞረድ ይግላል፤ ከመጠን በላይ የጋለ ስለት ደግሞ ጥንካሬውን ያጣል። ስለዚህ ፍጥነቱን መቀነስ ነበረባቸው። በዲናሞው ዘንግ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ድንጋዩን በሚያዞረው ዘንግ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፑሌጃ አድርገው በቺንጋ አገናኟቸው። ፍጥነቱም በግማሽ ወርዶ በደቂቃ 1425 ገደማ ሆነ። የድንጋዩን ዘንግ ቶርኖ ቤት አስቀረጹት። ሁሉንም ከአጣና ተራ በተገዛ ወፍራም ጣውላ ላይ በብሎን አሰሩት።

ይህን አንብባችሁ ለመሥራት የምትነሡ ወንድሞች፣ እህቶችም፣ እባካችሁ እነዚህን ልብ በሉ።

ከአውቶማቲክ ልብስ ማጠቢያ ወይም ከጁስ መፍጫ የሚወጣው ካርቦን ያለው ሞተር ሌላ ዓይነት ነው። ያለ ጭነት በቀጥታ 220 ቮልት ከተሰጠው ፍጥነቱ በደቂቃ ከ10,000 ዙር ሊያልፍ ይችላል። በዚያ ላይ ድንጋይ ቢታሰርበት ድንጋዩ ፈንድቶ ሰው ይገድላል። በድንጋዩ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ የዙር ቁጥር ምንጊዜም ድንጋዩ ከሚዞርበት ፍጥነት መብለጥ አለበት። ድንጋዩ የብረት መከለያ፣ የሚሠራውም ሰው የዓይን መነጽር ይኑረው። የዲናሞው አካል ኧርዝ ከሚባለው የመሬት መስመር ጋር ይገናኝ። ቺንጋውም ይሸፈን፤ ነጠላና ያልተሰበሰበ ፀጉር ይዞ አጠገቡ መቆም አይገባም። አንድ ደግሞ የእኛን ከተማ የሚመለከት አለ። መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ሳናጠፋ ከሄድን፣ መብራቱ ሲመጣ ራሱ መዞር ይጀምራል፤ በዚያን ጊዜ ሕፃን እጁን አስገብቶ ቢሆንስ? መብራት በጠፋ ቁጥር ስፒናውን መንቀል ልማድ ይሁን። የማቀዝቀዣ ሞተር ደግሞ ጋዝና ዘይት ታሽጎበት ስለሚገኝ በቤት አይከፈት።

አሁን ወደ ታሪኬ ልመለስ። ማሽኑ ሠራ፤ ግን ፋሲካ አልፎ በሁለተኛው ሳምንት ነው። የበዓሉ ገበያ ወጣቱን አመለጠው። ለወሊድ የታሰበው ገንዘብ በዚያ በዓል አልተገኘም። ይህን በሌላ ነገር አልሸፍነውም፤ ለሁለት ኪሎ ሽንኩርት ብዬ ያደረግኩት ነው። ሚስቱ ዘንድ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። እሷም ሳቀችና፣ “እትዬ፣ እኔም እኮ ዕቃዎቹን ልሸጥበት ቆራሌው እስኪያልፍ ስጠብቅ ነበር” አለችኝ። አብረን ሳቅን። እኔ ግን ወደ ቤቴ ስመለስ ከልቤ አልሳቅሁም።

ወጣቱ ከዚያ በኋላ በሥጋ ቤቶች ደጃፍ ደንበኞች እያፈራ ሄደ። ለዘመን መለወጫ ከሰፈራችን የመጣለትን ቢላዋና መጥረቢያ ሞርዶ ለመጨረስ ሁለት ቀን ፈጅቶበታል። ሕፃኗም በሰላም ተወልዳለች።

በእኛ ቤት ደግሞ ሦስት ስምምነት አደረግን። አንደኛ፣ ለአሮጌ ዕቃ አንድ የጣውላ ሣጥን ተሰጠው። ከሣጥኑ ያለፈ አይከማችም። ሁለተኛ፣ ባለቤቴ ወደ ሣጥኑ በሚያስገባው ዕቃ ላይ ለምን እንደሚፈልገውና ያስቀመጠበትን ቀን ጽፎ ይለጥፋል። ዓመት ሞልቶት ያልተነካ ዕቃ ካለ ተነጋግረን ለቆራሌው እንሰጠዋለን። ሦስተኛ፣ አንዳችን የሌላውን ዕቃ ሳንጠይቅ አንሸጥም፣ አንጥልምም።

እህቴ፣ የባልሽ ክምር ቤትሽን አጣብቦት ይሆናል፤ መማረርሽ ተገቢ ነው። ነገር ግን ቆራሌውን ከመጥራትሽ በፊት “ይሄ ለምንድን ነው?” ብለሽ ጠይቂው። ወንድሜ፣ አንተም ያሰብከውን ነገር በልብህ ይዘህ ሚስትህ ከብረቱ ላይ እንድታነብብህ አትጠብቅ፤ ንገራት። እኛ ቤት የተበላሸው ዲናሞው አልነበረም፤ ሁለታችንም ያልተናገርነው አንድ ቃል ነው የጎደለው።