ካርዷ ያላየችው ወባ

በጤና ኬላ የወባ ምርመራ ሲደረግ ያየ ሰው ሥራው ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ያውቃል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የታማሚውን ጣት በአልኮል ጠርጋ ትወጋለች፤ አንዲት ጠብታ ደም በፕላስቲክ ካርዷ ቀዳዳ ላይ ታሳርፋለች፤ ከትንሿ ብልቃጥ ፈሳሽ ታንጠባጥብበታለች፤ ከዚያ ሰዓቷን እያየች ትጠብቃለች። ሩብ ሰዓት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ቆይቶ የወጣው የማረጋገጫው መስመር ብቻ ከሆነ ታማሚው ወባ የለበትም ይባላል፤ ሌላ መስመር ከታከለበት መድኃኒት ይሰጠዋል። መብራት አያስፈልግ፣ ማይክሮስኮፕ አያስፈልግ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወባ የተጠረጠረበት ሰው ሁሉ ሳይመረመር አይታከም ሲል፣ ምክሩ ሐኪም በማይደርስበት ቀበሌ ጭምር ሊተገበር የቻለው በዚህች ካርድ ነው። ያተኮሰውን ሁሉ በግምት የወባ ኪኒን ማስዋጥ የቀነሰውም በእርሷ ነው።

ካርዷ የምታየው ግን ተውሳኩን ራሱን አይደለም። ፋልሲፓረም የተባለው ገዳዩ የወባ ዓይነት ወደ ደም የሚለቀውን ኤችአርፒ-2 የሚሉትን ፕሮቲን ነው የምትፈልገው። ይህን ፕሮቲን የሚያሠራው ዘረመል የጠፋበት ተውሳክ ካለ ካርዷ አታገኘውም። በ2010 ተመራማሪዎች እንዲህ ያለ ተውሳክ በፔሩ አማዞን መኖሩን ሲያሳውቁ ነገሩ የሩቅ አገር እንግዳ ዜና ይመስል ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤት ደረሰ። በኤርትራ የግንዳዕና የምጽዋ ሆስፒታሎች ከተመረመሩ 50 ታማሚዎች በ31ዱ ላይ ዘረመሉ የጠፋበት ተውሳክ ተገኘ። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከውጭ አጋሮቻቸው ጋር በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ 12,572 ሰዎችን አካትተው ያደረጉት ጥናት ደግሞ በ2021 ታተመ። በኤችአርፒ-2 ላይ ብቻ የተመሠረተ ምርመራ በዚህ ጉድለት የተነሳ ከፋልሲፓረም ታማሚዎች 9.7 በመቶውን እንደሚስት ገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያው ይቀየር የሚለው ስህተቱ 5 በመቶ ሲያልፍ ነው። ተውሳኩ ይህን ያደረገው አስቦበት አይደለም። መስመር ያወጣው ታክሞ ይጠፋል፤ መስመር ያላወጣው በታማሚው ደም ውስጥ ተቀምጦ ትንኟ እስክትወስደው ይጠብቃል። ምርመራው ወንፊት ሆነ፤ ያለፈው ደግሞ ተራባ።

ይህ ጋዜጣ ይህን ጉዳይ ዛሬ የሚያነሳው ካርዷን ለመንቀፍ አይደለም። ከሚለዋወጥ ጠላት ጋር የሚገጥም የሕክምና መሣሪያ ሁሉ ሥራ ላይ ከዋለበት ቀን ጀምሮ ማርጀት ይጀምራል፤ የእርጅናውን መጠን የሚለካ ከሌለ ደግሞ ማርጀቱን የምናውቀው በሞተ ሰው ነው። ለዚህ ከራሳችን ታሪክ የተሻለ ማስረጃ የለም። ክሎሮኪን የተባለው መድኃኒት ለፋልሲፓረም አልበጅ ሲል በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ በፋንሲዳር ተተካ። ፋንሲዳር ገና አምስት ዓመት ያህል ቢቆይ ነው፤ በ2003 ከባድ የወባ ወረርሽኝ ሲነሳ አገሪቱ በእጇ የያዘችው መድኃኒት ራሱ መድከሙ ታወቀ። በወረርሽኙ መሀል መድኃኒቱ ይሠራል አይሠራም የሚል ክርክር በባለሙያዎችና በረድኤት ድርጅቶች መካከል ተካሄደ። በ2004 ኮአርተም ገባ። ክርክሩ መካሄድ የነበረበት ታማሚው ከመሰለፉ በፊት፣ በጥናት ቁጥር ላይ ነበር።

አሁን ደግሞ ተራው የኮአርተም እየሆነ ነው። በኮአርተም ውስጥ ፈጥኖ የሚሠራው አርቴሜተር የሚዘጋጀው ከአርቴሚሲኒን ነው፤ ቻይናዊቷ ቱ ዮዮ በ2015 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ግኝት። ለዚህ መድኃኒት ቶሎ የማይሸነፍ፣ 622አይ የሚባል የዘረመል ለውጥ የያዘ ተውሳክ በአፍሪካ ቀንድ ተስፋፍቷል። በኤርትራ በ2016 ከተመረመሩት 8.6 በመቶ በሚሆኑት ላይ የታየው በ2019 ወደ 21 በመቶ አደገ። በኢትዮጵያም ተገኝቷል፤ ይባስ ብሎ አንዳንዱ ከምርመራም የሚያመልጥ ከመድኃኒትም የሚከላከል ሆኖ ተገኝቷል። እዚህ ላይ አንባቢን ማስደንገጥ አንፈልግም። ኮአርተም ዛሬም ያድናል፤ አብሮት ያለው ሉሜፋንትሪን ሥራውን አልተወም። የታየው የመዘግየት ምልክት ነው። ምልክቱ ግን ምን ሊያመጣ እንደሚችል ድሬዳዋ አሳይታለች። በ2022 ከተማዋ ላይ ወባ ሲፈነዳ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከአጋሮቻቸው ጋር የታማሚዎችን ቤት እየዞሩ መረመሩ። ያገኙት ከእስያ የመጣችውን አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የተባለችውን ትንኝ ነው። ይህች ትንኝ እንደ አገሬው ትንኝ የክረምት ውሃ እስኪያቁር አትጠብቅም። በሮቶ፣ በበርሜል፣ ለግንባታ በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ በበጋም ትራባለች፤ የከተማ ትንኝ ናት። ያሰራጨችው ተውሳክም በአብዛኛው የአንድ ዘር ግልባጭ ነበር፤ ከመድኃኒትም ከምርመራም የማምለጥ ምልክቶችን አንድ ላይ የያዘ። የቆላ ገጠር በሽታ ያልነው ወባ ቧንቧ በሚቆራረጥበት ሰፈር የውሃ ማጠራቀሚያ ሥር ተገኘ ማለት ነው።

አቋማችን ይህ ነው። መንግሥት የወባ መመርመሪያ፣ መድኃኒት ወይም ክትባት ለመግዛት በጀት ሲይዝ፣ የገዛው ዕቃ እየሠራ መሆኑን ለሚያረጋግጠው ክትትል የሚሆነውን ገንዘብ በዚያው በጀት ውስጥ፣ ራሱን በቻለ ርዕስ፣ ከግምጃ ቤቱ ይያዝ። መኪና ገዝቶ ዘይት መቀየሪያ የማይመድብ መሥሪያ ቤት የለም (በጀቱ ሌላ ላይ ይውል እንደሆነ እንጃ እንጂ)። የዓለም ጤና ድርጅት የወባ መድኃኒት ፍቱንነት ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ ይፈተሽ ይላል። የመመርመሪያዎቹም ፍተሻ ከዚሁ ጋር ሊሄድ ይችላል፤ ናሙናው በማጣሪያ ወረቀት ላይ የደረቀ አንድ ጠብታ ደም ነው፤ በፖስታ ታሽጎ ያለ በረዶ ሳጥን ይጓዛል። ውጤቱም በሳይንስ መጽሔት እስኪታተም ዓመታት ሳይጠበቅ በዓመቱ ለሕዝብ ይገለጽ። ከላይ የጠቀስነው የኢትዮጵያ ጥናት ናሙናው የተሰበሰበው በ2017 እና በ2018 ነው፤ የታተመው በ2021። ተመራማሪዎቹን አንወቅስም፤ የሳይንስ ኅትመት ጊዜ ይወስዳል። ግን የአንድ አገር የግዢ ውሳኔ የመጽሔትን ተራ መጠበቅ የለበትም።

መቃወሚያው የታወቀ ነው፤ ቀላልም አይደለም። ከጥር 2024 እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባሉት ወራት ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ወባ ታመው 1,157 ሞተዋል፤ በ2023 ዓመቱን ሙሉ የተመዘገበው 4.1 ሚሊዮን ነበር። አልጋ ሞልቶ ታማሚ ወለል ላይ በሚተኛበት ጊዜ ስለ ዘረመል ክትትል ማውራት ቅንጦት ነው፣ ገንዘቡ ለአጎበርና ለኪኒን ይዋል የሚሉ አሉ። ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ ከሥራው ቅርብ ያሉት ናቸውና እንሰማቸዋለን። የወባው ማገርሸት ዋና ምክንያት የዘረመል ለውጥ ነው እንዳላልን ግን ልብ ይባልልን። ጦርነት ጤና ተቋማትን አፍርሷል፣ ሰው ተፈናቅሏል፣ የኬሚካል ርጭት ተቋርጧል፣ አየሩም ተዛብቷል። ይሁን እንጂ ለአጎበርና ለኪኒን ይዋል የተባለው ገንዘብ ራሱ በጨለማ እየወጣ ነው። መመርመሪያ ለመቀየር እንኳ የት እንደሚቀየር ማወቅ ያስፈልጋል። ኤልዲኤች የተባለውን ሌላ ፕሮቲን የሚፈልጉ ካርዶች አሉ፤ ተውሳኩ ያለዚህ ፕሮቲን መኖር ስለማይችል በቀላሉ አያመልጣቸውም። ነገር ግን በደም ውስጥ ያለው ተውሳክ ጥቂት ሲሆን የመሳት፣ ሙቀት ሲበዛም የመበላሸት ጠባይ አለባቸው፤ ወባ ያለው ደግሞ ሙቀት ባለበት ነው። ዘረመሉ ባልጠፋበት ወረዳ አሮጌው ካርድ ይሻል ይሆናል፤ በጠፋበት አዲሱ የግድ ነው። ይህን የሚለየው ክትትሉ ነው። ያለ እርሱ የሚደረግ ግዢ ሁሉ አንዱን ወረዳ ሲጠቅም ሌላውን ይጎዳል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነም ሚኒስቴሩ አያውቅም።

ሁለተኛው መቃወሚያ ይህን ሥራ ለጋሾች ይሠሩልናል የሚል ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሠርተውልናል፤ ምስጋናም ይገባቸዋል። የአሜሪካ መንግሥት የወባ ፕሮግራም ከ2008 ጀምሮ በኢትዮጵያ ለአጎበር፣ ለርጭትና ለትንኝ ክትትል ገንዘብ ሲያወጣ ቆይቷል። በጥር 2025 የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ በአንድ ፊርማ ሲታገድና ዩኤስኤይድ በዚያው ዓመት ሲዘጋ፣ በዓለም ዙሪያ ብዙ እንዲህ ያለ ሥራ በድንገት ቆመ። ዕርዳታ ሲቋረጥ መድኃኒት መጥፋቱ ወዲያው ይታያል፤ ሕዝብ ይጮሃል፣ ጋዜጣም ይጽፋል። የክትትል ሥራ ሲቋረጥ ግን ማንም አይጮህም። ትንኝ ያልተያዘበት ወር፣ ናሙና ያልተወሰደበት ወረዳ ድምፅ የለውም። ለዚህ ነው ክትትሉ ከውጭ ገንዘብ ይልቅ ለአገር ውስጥ በጀት የሚስማማው፤ አጎበሩን ሌላ ለጋሽ ሊሰጥ ይችላል፣ ስለ ራሳችን ወረዳ ማወቅን ግን በልመና ላይ መጣል አይገባም። ድሬዳዋ ላይ ምርምሩን የመሩት የአገራችን ተመራማሪዎች ናቸው። ያጠረን ሥራው ከፕሮጀክት ዘመን ወጥቶ የዘወትር እንዲሆን የሚያደርግ ቋሚ ወንበርና ደመወዝ ነው።

ሦስተኛው ተስፈኛ ነው፤ አዲስ ነገር እየመጣ ነው ይላል። እውነት ነው፤ ብዙ መጥቷል። አርቲኤስኤስ የተባለው የመጀመሪያው የወባ ክትባት በ2021፣ ከእርሱ የረከሰው አር21 በ2023 የዓለም ጤና ድርጅትን ድጋፍ አግኝተዋል። አርቲኤስኤስ በተሞከረባቸው የጋና፣ የኬንያና የማላዊ አካባቢዎች መከተብ በሚገባቸው ሕፃናት መካከል ሞት 13 በመቶ ቀንሷል፤ ትልቅ ነገር ነው። ከ5 ኪሎ በታች ለሚመዝኑ ጨቅላዎች የሚሆን ኮአርተም በ2025 ፈቃድ አግኝቷል። ከአርቴሚሲኒን ውጭ የሆነ አዲስ መድኃኒትም የመጨረሻውን ደረጃ ሙከራ በመልካም ውጤት አልፏል። እነዚህ ሁሉ እንዲገቡ እንደግፋለን። ሆኖም ክትባቶቹ የሚከላከሉት ፋልሲፓረምን ነው፤ በእኛ አገር ከታማሚው ሲሶ ገደማውን የሚይዘውን ቫይቫክስ የተባለውን ሌላ የወባ ዓይነት አይነኩም። ሌላም አለ። በ2015 የታተመ ጥናት የአርቲኤስኤስን ሙከራ በዘረመል ሲመረምር ክትባቱ የተሠራበትን ዓይነት ከሚመስለው ተውሳክ ላይ 50.3 በመቶ፣ ከማይመስለው ላይ ግን 33.4 በመቶ ብቻ እንደሚከላከል አገኘ። ካርዷ ላይ የሆነው በክትባትም ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ይሆናል ብለን አልተነበይንም፣ ሲሆን የሚያይ ዓይን ይኑር እንላለን እንጂ። አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር የክትትሉ አስፈላጊነት ይጨምራል፤ የሚያረጀው ዕቃ በዛ ማለት ነውና።

ብዙም በአደባባይ የማይነገር አራተኛ መቃወሚያ አለ፤ ከሕክምና ባለሙያዎችም ይሰማል። ካርዷ እንደምትስት ለሕዝብ ከተነገረ ሰው በምርመራ ማመን ይተዋል፣ ውጤቱ «የለብህም» ቢለውም መድኃኒት ስጡኝ ብሎ ይሟገታል የሚል ነው። ስጋቱን እንረዳለን፤ ይህን ርዕሰ አንቀጽ ስንጽፍም አስበንበታል። ነገር ግን ሕዝቡ ከጤና ቢሮ ባይሰማም ከጎረቤቱ ይሰማል። ወባ የለብህም ተብሎ የተመለሰ ልጅ በሦስተኛው ቀን ሲያንቀጠቅጠው ያየች እናት ካርዷን የምታምንበት ምክንያት የላትም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ጤና ኬላውን ትታ ከገበያ ኪኒን ትገዛለች። እምነቱን የሚያድነው የመጀመሪያው ምርመራ ላይ የሚነገር አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ትኩሳቱ በሁለት ቀን ካልለቀቀው መልሺው። ስትመልሰው ደግሞ ሁለተኛ ካርድ ብቻ ሳይሆን ደሙ በስላይድ ተወስዶ ወደ ጤና ጣቢያው ማይክሮስኮፕ ይሂድ፤ ከዚያው ጣት አንድ ጠብታ በወረቀት ላይ ደርቆ ስሙ ሳይጻፍበት ለሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይላክ። ወባ ከክረምቱ በኋላ ከመስከረም ጀምሮ ይበረታል፤ የመመርመሪያ ግዢ ጨረታ ግን ከዚያ ብዙ ወራት ቀድሞ ነው የሚዘጋጀው። የሚቀጥለው የጨረታ ሰነድ ሲወጣ በየወረዳው የትኛው ካርድ ለምን እንደተመረጠ፣ ምርጫውም በየትኛው ዓመት ናሙና ላይ እንደተመሠረተ ተጽፎበት እናየው ዘንድ ጤና ሚኒስቴርን እንጠይቃለን።