እግዚአብሔርንስ ማን ፈጠረው?

የዛሬው ጨዋታችን የተጀመረው አየር ማረፊያው አጠገብ፣ ታክሲዎች ተራ በሚጠብቁበት ግቢ ውስጥ ነው። ያን ግቢ የማያውቅ የአትላንታ አበሻ ጥቂት ነው፤ ራሱ ባይሠራበት ወንድሙ ወይም ባልንጀራው ሠርቶበታል። ፖለቲካ የሚፈጨው፣ ሰው የሚታማው፣ ለቀብር ገንዘብ የሚዋጣው እዚያ ነው። በቀደም አንድ የቆየ ወዳጄ ከመኪናው ወርዶ እኔ ዘንድ ገባና በሩን ከዘጋ በኋላ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ግን እንዳትስቅ» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሥር ዓመት የልጅ ልጁን ከትምህርት ቤት መልስ የሚጠብቃት እሱ ነው። ትምህርት ቤቷ ተማሪዎቹን ፈርንባንክ የሳይንስ ማዕከል ወስዷቸው ነበር። ዲካልብ ካውንቲ ልጅ ያስተማራችሁ ታውቁታላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 የተከፈተ፣ ስፋቱ 70 ጫማ በሆነ ጉልላት ላይ ከዋክብትን የሚያሳይ አዳራሽ ያለው ነው። ልጅቱ ማታ ወዳጄ ሽሮ ሲያማስል አጠገቡ ቆማ ያየችውን ትነግረዋለች። ዓለም 13.8 ቢሊዮን ዓመቷ ነው፤ መጀመሪያ እጅግ የጋለችና የታመቀች ነበረች፤ ከዚያ እየሰፋች መጣች።

«አባባ፣ ከዚያ በፊትስ?»

«እግዚአብሔር ነዋ!»

«እግዚአብሔርንስ ማን ፈጠረው?»

«ዝም በይ! ነውር ነው!» አላት። ልጅቱ «ኔቨር ማይንድ» ብላ ወደ ክፍሏ ሄደች። እዚህ አገር ልጅ ያሳደገ ሰው «ኔቨር ማይንድ» ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። ሁለተኛ አንተን አልጠይቅም ማለት ነው። ወዳጄ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥቷል።

ለምን ይህን ያህል እንደከነከነው ስጠይቀው ለሠላሳ ዓመት ያህል ስንተዋወቅ ያልነገረኝን አወጣ። በ1968 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ በውይይት ክበብ ውስጥ ነበር። የዚያን ዘመን ሰው የክበቡን ትምህርት አይረሳም፤ ቁስ አካል ዘላለማዊ ነው፣ አይፈጠርም አይጠፋም፣ ፈጣሪ የሚባል የለም። አንድ ቀን ይህንኑ በእናቱ ፊት እንደ መፈክር ደረደረው። እናቱ አልተቆጡም፣ አልተከራከሩም። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና ወደ ጓዳ ገቡ። ለአንድ ሳምንት ያህል እንጀራ ሲያቀርቡለት ቀና ብለው አላዩትም። በኋላ እሱ ሱዳን ገባ፤ እዚያ በመጠለያ ጣቢያ ውስጥ ወደ ጸሎቱ ተመለሰ። እናቱ ይህን ሳይሰሙ አረፉ። «ልጅቷን ዝም ያሰኘኋት እኔን እንዳትሆን ፈርቼ ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ በልቤ፣ እናቱን ነው የሆነው አልኩ። አልነገርኩትም እንጂ።

እውን ጥያቄው ነውር ነውን? አባቶቻችን እንዲህ አላስተማሩንም። በአክሲማሮስ ትምህርት፣ መምህራን ሥነ ፍጥረትን ሲተርኩ እንደሰማነው፣ ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የጠየቁት መላእክት ናቸው። እሑድ፣ ገና ብርሃን ሳይፈጠር፣ በጨለማ ውስጥ ሆነው ፈጣሪያቸው ተሰውሮባቸው ነበርና «ከየት መጣን? ማን ፈጠረን?» ተባባሉ። ሳጥናኤል ከሁሉ በላይ መሆኑን አይቶ «እኔ ነኝ የፈጠርኳችሁ» አለ። ያን ጊዜ ቅዱስ ገብርኤል ፈጣሪያችንን እስክናገኝ ድረስ በያለንበት ጸንተን እንቁም ብሎ አረጋጋቸው። ዝም በሉ፣ ነውር ነው አላለም። ወዳጄ ይህን ታሪክ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ግን ከልጅቷ ጥያቄ ጋር አገናኝቶት አያውቅም ነበር።

ከመላእክት ወደ ሰው እንምጣ። ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብን በስም የማያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ ያነበበው ግን ጥቂት ነው። መጽሐፉ ራሱ እንደሚተርከው ዘርዐ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1599 አክሱም አካባቢ ከድሀ ገበሬ ተወለደ፤ ቅኔና ትርጓሜ ተማረ፤ ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት ባወጁበት ዘመን ተከሶ ሸሸ። ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊት ይዞ ተከዜ አጠገብ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ኋላ እንፍራዝ ገብቶ፣ ኂሩት የምትባል የቤት ሠራተኛ አግብቶ፣ በ1667 በደቀ መዝሙሩ በወልደ ሕይወት ለማኝነት ሐተታውን ጻፈ።

ዋሻው ውስጥ ያሳሰበው ነገር ቀላል አይደለም። ሌት ተቀን ዳዊት እየደገመ ሳለ፣ የሚሰማኝ አለ ወይ? ብሎ ራሱን ጠየቀ። ሰሚ ከሌለ ለማን ነው የምጸልየው? ከዚያ በራሱ ልቡና ያስብ ጀመር። እኔ ራሴን አልፈጠርኩም፣ ስፈጠር አልነበርኩምና። ወላጆቼ ወለዱኝ፤ እነሱንም ወላጆቻቸው ወለዱ፤ እንዲህ እያለ ወላጅ ወደሌላቸው ወደ መጀመሪያዎቹ ሲደርስ እነሱስ ከወዴት መጡ? አለ። ያልተፈጠረ፣ ሁሉን የፈጠረ አንድ ህላዌ መኖር አለበት ሲል ደመደመ። ልብ በሉ፣ ይህ ሰው ሃይማኖቶች እርስ በርስ የሚጣሉባቸውን ነገሮች ያለ ርኅራኄ መርምሮ ብዙውን የጣለ ሰው ነው። ፈጣሪን ግን አልጣለም።

መጽሐፉን የዘርዐ ያዕቆብ አይደለም የሚሉም አሉ። ጽሑፉን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለአንቷን ዳባዲ ወደ ፓሪስ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ኢጣሊያዊ የካፑቺን መነኩሴ ነበርና፣ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ደራሲው መነኩሴው ራሱ ነው ብሎ ጻፈ። አዲስ አበባ ያስተምሩ የነበሩት ካናዳዊው ክሎድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው በሰፊው ተከራከሩ። በ2023 አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ወጥቷል፤ ክርክሩ ግን ዛሬም አልበረደም። እኔ ለዛሬው ጉዳያችን ብዙም አያስጨንቀኝም። ሐሳቡን መነኩሴ ቢያስበው ደብተራ፣ ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ያው ነው።

እንግዲህ የዋሻውን ሐሳብ የሚፈታተን ሰው ከወዲያ ማዶ እናምጣ። በ1948 በቢቢሲ ሬዲዮ እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ረስል ኮፕልስተን ከሚባሉ የኢየሱሳውያን ቄስ ጋር ስለዚሁ ጉዳይ ተከራክሮ ነበር። ረስል ያለው ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው እናት አለው፤ ከዚህ ተነስተን ግን የሰው ዘር በሙሉ አንድ እናት አለችው ማለት አንችልም። በዓለም ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ነገር ምክንያት አለው ማለት ዓለም በጠቅላላዋ ምክንያት አላት ማለት አይደለም። ዓለም አለች፣ በቃ።

እውነቱን ለመናገር ይህ ምላሽ ጠንካራ ነው። ዘርዐ ያዕቆብ የወላጆቹን ሐረግ ተከትሎ የሄደበትን መንገድ መሃሉ ላይ ይቆርጠዋል። እኔ አማኝ ነኝ፤ አማኝ ስለሆንኩ ግን የተቃዋሚን ጥሩ ነጥብ አላየሁም አልልም።

ብዙ ሰው ታዲያ ሳይንስ እኮ ዓለም መጀመሪያ እንዳላት አረጋግጧል፣ ነገሩ አለቀ ይላል። አላለቀም። ዓለም እየሰፋች ነው የሚለውን ሐሳብ በ1927 የጻፈው፣ በ1931 ደግሞ ሁሉ ነገር ከአንዲት ጥንታዊ አቶም ተነሣ ያለው ጆርጅ ለሜትር የቤልጅግ ካቶሊክ ቄስ ነበር። (እኛ በክበብ ዓለም ልደት የላትም ስንባል ይህ ከታተመ ዐርባ ዓመት አልፎት ነበር፤ የነገረን ግን የለም።) ሐሳቡን ያልወደደው ፍሬድ ሆይል በ1949 በሬዲዮ «ቢግ ባንግ» ሲል ስም አወጣለት፣ ስሙ ተጣብቆ ቀረ። በ1964 አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን ኒው ጀርሲ ውስጥ በአንድ ትልቅ አንቴና ሲሠሩ የማይጠፋ ሹክሹክታ አስቸገራቸው። የእርግብ ኩስ ይሆናል ብለው አንቴናውን ጠረጉት፤ ሹክሹክታው ግን ከየአቅጣጫው እኩል መምጣቱን አላቋረጠም። ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ገደማ የቀዘቀዘ፣ ከዓለም መጀመሪያ የተረፈ ሙቀት ነበር። ሁለቱም በ1978 ኖቤል ተሸለሙ። ፔንዚያስ፣ በነገራችን ላይ፣ በልጅነቱ ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ ኒውዮርክ የገባ ስደተኛ ነበር።

በ1951 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ይህ ሳይንስ የፍጥረትን ቃል ይመሰክራል የሚል መንፈስ ያለው ንግግር ሲያደርጉ ደስ ያላለው ማን መሰላችሁ? ቄሱ ለሜትር ራሱ። ሐሳቡ ለአማኝም ለማያምንም የተተወ ነው፣ እምነት በፊዚክስ ላይ አይቆምም ባይ ነበር። ልክ ነበር። ዛሬ ሳይንቲስቶች ከዚያ ከጋለው ጊዜ በፊት ምን ነበር የሚለውን ገና እየተከራከሩበት ነው። እምነቱን በዚያ ላይ የተከለ ሰው አዲስ ጥናት በወጣ ቁጥር ሊደነግጥ ነው።

ከወዲያኛውም ወገን ተመሳሳይ መቸኮል አለ። ስቲቨን ሆኪንግ በ2010 ባወጣው መጽሐፍ የስበት ሕግ እስካለ ድረስ ዓለም ራሷን ከምንም ልትፈጥር ትችላለች፣ ፈጣሪ አያስፈልግም አለ። ስለ ፊዚክሱ ከሆኪንግ ጋር ልከራከር አልደፍርም። ግን ሕግ ካለ ምንም የለም እንዴት ይባላል? ሕጉስ ከየት መጣ? የልጅቱ ጥያቄ እዚያም ደጃፍ ላይ ቆማ ታንኳኳለች።

እንግዲህ ሁለቱም ወገን የሆነ ቦታ ላይ ይቆማል። አንዱ እግዚአብሔር ላይ፣ ሌላው ዓለም ወይም ሕጓ ላይ። ጥያቄው የትኛው ነው ማቆሚያ ሊሆን የሚገባው የሚለው ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ቶማስ አኩዊናስ ዓለም መጀመሪያ ያላት መሆኑ በእምነት የሚያዝ እንጂ በአመክንዮ የሚረጋገጥ አይደለም ብሏል፤ ይህን የሚለው አማኙ ነው! እሱን ያሳሰበው ዓለም መቼ ተጀመረች ሳይሆን አሁን ምን ያቆማታል የሚለው ነው። በኔ ቋንቋ ልበለው። ሳሎናችሁ ውስጥ አምፖሉ የሚበራው ትናንት ማብሪያውን ስለነካችሁት አይደለም፤ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ ከጆርጂያ ፓወር መስመር ኮረንቲ ስለሚመጣለት ነው። መስመሩ ቢቋረጥ ለዘላለም ሲበራ የኖረ አምፖልም ይጠፋል። ዓለምን እንደ አምፖሉ የሚያያት ፈጣሪ ያሻታል ይላል። የለም፣ ራሷ ኮረንቲ ናት የሚል አያሻትም ይላል። ለኔ አምፖል ትመስለኛለች፤ ያለችው ነገር ሁሉ ባትኖርም ትችል ነበር ብዬ ሳስብ ይገርመኛልና። ይህ ግን ማስረጃ ነው ብዬ ማንንም አላስጨንቅም።

ይህን ሁሉ እዚያ መኪና ውስጥ ለወዳጄ ስደረድርለት ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «እና ለልጅቷ ምን ልበላት?» አለኝ። አላውቅም በላት አልኩት። «እንዴት ነው አላውቅም የምለው፣ አያቷ አይደለሁም እንዴ?» ብሎ ተቆጣ። ተራው ደርሶ ስለነበር እየተነጫነጨ ሄደ።

ከሦስት ቀን በኋላ ደወለልኝ። ልጅቷን ወጥ ቤት ጠርቶ፣ ስለ ገብርኤልና ስለ ጨለማው ነግሯታል፤ እሷም እንዳንተ ስለጠየቀ አንድ ዋሻ ውስጥ ስለነበረ ሰው ነግሯታል። ስለ እናቱም ነገራት፤ ስለ ነጠላውም ጭምር። ልጅቷ ነጠላው ላይ ስትደርስ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «አንተ ግን ጠይቀሃት አታውቅም? የነገርካት ብቻ ነው?» አለችው። መልስ አልነበረውም። ቀጥላም አምፖሉ ላይ አፋጠጠችው፤ ኮረንቲውንስ ማን ይልከዋል አለች። እሱ ሲመልስ እሷ ስትጠይቅ፣ እሷ ስትጠይቅ እሱ ሲመልስ፣ ሽሮው አርሮ ጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸና ጎረቤት ደጅ አንኳኳ።

ቸር ይግጠመን።