ሜትር ሳይያዝ ስፒከር አይገዛም

ዛሬ የምናወራው ስለ ስፒከር ነው። "ስለ ስፒከር ደግሞ ምን ይወራል? ገዝቶ መሰካት ነው እንጂ!" የሚል ካለ አንፈርድበትም። እኛም እንደዚያ ስንል ነበር፤ ጎረቤታችንን በውድቅት ሌሊት ነጠላ አስደርበን ደረጃ እስክናስወርዳቸው ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ አንድ ኮንዶሚኒየም ቤት ተከራይተን አብረን የምንኖር ሦስት ሴቶች ነን፤ ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ ዕቁብ ደረሰንና "ሲኒማ ቤት ከምንሄድ ሲኒማውን ቤት እናምጣው" ብለን ሆም ቴአትር ልንገዛ ወጣን። ሻጩ ጨዋታ አዋቂ ልጅ ነበር። አምስት ስፒከርና አንድ የውሻ ቤት የሚያክል ውፈር ያለበት፣ "1000 ዋት" የሚል በትልቁ የተጻፈበት ካርቶን አወጣልን። "እህቶቼ፣ ይሄ ሰፈሩን ነው የሚያነቃንቀው!" አለን። እኛም ሰፈሩ ቢነቃነቅ ምን እንደሚጠቅመን ሳንጠይቅ ከፈልን። ስለ ቀለሙ ተከራክረናል፤ ስለ ዋጋውማ ላባችን እስኪወርድ ተከራክረናል። "ክፍላችሁ ስንት በስንት ነው?" የምትለዋን ጥያቄ ግን እሱም አልጠየቀን፣ እኛም አላነሣናትም።

የዚያኑ ዕለት ማታ የጦርነት ፊልም ከፈትን። ቦምብ ሲፈነዳ ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። ሰዎቹ ሲያወሩ ግን አንድም ቃል በቅጡ አይሰማም። ድምፅ እንጨምራለን፤ ቦምብ ይፈነዳል። እንቀንሳለን፤ ንግግሩ ይጠፋል። እንዲህ ከሪሞት ጋር ስንታገል ስድስት ሰዓት አለፈ።

በነጋታው ደረጃ ላይ ከሦስተኛ ፎቋ ጎረቤታችን ጋር ተገናኘን። እናታችን የሚሆኑ ሴት ናቸው። "ልጆቼ፣ ማታ ሲንቀጠቀጥ አልሰማችሁም እንዴ? እኔ እኮ ነጠላዬን ደርቤ ወርጄ ግቢው ውስጥ ብቆም፣ ሌላ የወረደ ሰው አጥቼ ግራ ገባኝ" አሉን።

ያን ሰሞን ከአዋሽና ከፈንታሌ አካባቢ የሚነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ይሰማ ነበር። ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ሁሉ ጆሮውን ቀስሮ የሚያድርበት ጊዜ ነው። እርስ በርስ ተያየን። "እማማ… እኛ ነን" አልናቸው፣ ዐይናችንን መሬት ላይ ተክለን። ትንሽ ዝም አሉና "እሰይ፣ እንኳን እናንተ ሆናችሁ!" አሉን። ቢሰድቡን ይሻል ነበር።

ቅዳሜ ቡና ይዘን ይቅርታ ልንጠይቅ ወረድን። ከመሀላችን ጋዜጠኝነት የተማረች አለችና፣ "የሌላኛውንም ወገን ስሙ" የተባልነው ትዝ አለን። ሁለታችን የእሳቸው ሳሎን ቁጭ ብለን፣ አንዷ ከላይ ያንኑ ፊልም እንድትከፍት አደረግን። ንግግሩ አይሰማም። ሙዚቃውም አይሰማም። የሚሰማው "ዱም… ዱም…" ብቻ ነው፤ እሱም ከጆሮ ይልቅ በእግር በኩል ነው የሚገባው። እኛ ሲኒማ ስናይ እሳቸው ሲያደምጡት የኖሩት ይህንን ነው።

ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ አቋማችን አንድ ነው፤ ስፒከር የሚመርጠው ክፍሉ እንጂ ኪሳችን መሆን የለበትም። ክፍል ስንል ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ ማዶና ከወለሉ በታች ያለውም ሰው ይቆጠራል።

ይህን ያልነው ጎረቤት ስላፈርን ብቻ አይደለም። አምስት ነጥብ አንድ የሚባለው አሠራር መጀመሪያውኑ የተወለደው ለአዳራሽ ነው። እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1979 "አፖካሊፕስ ናው" ለትልልቅ ሲኒማ ቤቶች ሲዘጋጅ የኋላው ድምፅ ለግራና ለቀኝ ተከፈለ። በ1992 "ባትማን ሪተርንስ" ዶልቢ ዲጂታልን ይዞ መጣ። በ2012 ደግሞ ዶልቢ አትሞስ ከ"ብሬቭ" ጋር ብቅ ብሎ ድምፅ ከጣሪያም እንዲወርድ አደረገ። እነዚያ አዳራሾች ሰፊ ናቸው፤ ግድግዳቸው ድምፅ እንዲውጥ ሆኖ የተለበጠ ነው፤ የአብዛኛው ተመልካች ወንበርም ከግድግዳ የራቀ ነው። የእኛ ሳሎን ግን 3.20 በ3.80 ሜትር ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ሶፋው ከግድግዳ ጋር የተጋባ። የአዳራሽ ልብስ ለሕፃን ማልበስ ማለት ይሄ ነው።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ አትሽሹ፣ ቀላል ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ይህን ቁጥር ለክፍላችሁ ርዝመት እጥፍ አካፍሉት፤ ክፍሉ ራሱ አብሮ የሚያጓራበትን የቤዝ ድምፅ ይሰጣችኋል። የእኛ በ3.80 በኩል 45 ኸርዝ፣ በ3.20 በኩል 54 ኸርዝ ገደማ ነው። የፊልም ፍንዳታ የሚኖርበት ሰፈር ማለት ነው። እንዲህ ያለው ቤዝ ደግሞ የሚከማቸው ግድግዳ ጥግና ማዕዘን ላይ ነው። እኛ ውፈሩን የት አስቀመጥነው? ማዕዘን። ሶፋችንስ? ግድግዳ ጥግ። ንግግሩን ማን ዋጠው ብላችሁ አትጠይቁን! ርዝመቱና ስፋቱ እኩል የሆነ ክፍል ያላችሁ ደግሞ ይብስባችኋል፤ ሁለቱም ግድግዳዎች በአንድ ድምፅ ላይ ይተባበሩባችኋል።

ስለ ዋትም እናውራ። አንድ ተራ ስፒከር በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 87 ዴሲቤል ገደማ ያወጣል። ሁለት ሜትር ተኩል ርቆ ለተቀመጠ ሰው ወደ 79 ዝቅ ይላል፤ ክፍል ውስጥ እንዲያውም ከዚያ ያነሰ ነው የሚቀንሰው። የሰው ጭውውት 60 ዴሲቤል አካባቢ ነው። በአንዲት ዋት ከጭውውት በላይ ከጮኸ፣ ሺህ ዋት ምን ሊሠራልን ነው? በዚያ ላይ ዋቱን እጥፍ ብታደርጉት የምትጨምሩት 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው "ፒኤምፒኦ" ከሆነ ደግሞ እርሱት፤ ለማስታወቂያ የተነፋ ቁጥር ነው። መጠየቅ ያለባችሁ "አርኤምኤስ" የሚለውን ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኛ ከከፈልንበት ትምህርት እናካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ሜትር ያዙ። ርዝመት፣ ስፋት፣ ከቴሌቪዥኑ እስከ ሶፋው ያለውን ርቀት፣ በርና መስኮቱ የት እንደሆነ ጻፉ። ክፍሉ መሀል ቆማችሁ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። ጭብጨባው ጭር ብሎ ካስተጋባ መጀመሪያ የሚገዛው ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ነው። ምንጣፍ ለንግግር ጥራት የሚሠራውን ውለታ ብዙ ውድ ስፒከር አይሠራውም። (ቤዙን ግን ምንጣፍ አይዘውም፤ እሱን በቦታና በልክ ነው።)

ሁለተኛ፣ ከፊት ጀምሩ። የግራና የቀኙ ስፒከር በመሀላቸው ያለው ርቀት ከእነሱ እስከ እናንተ ካለው ጋር ቢቀራረብ ጥሩ ነው፤ 2.5 ሜትር ርቃችሁ ከተቀመጣችሁ ከ2 እስከ 2.5 ሜትር አራርቋቸው። የፊልም ንግግር አብዛኛው የሚወጣው ከመሀለኛው ስፒከር ነውና ቡፌ ውስጥ አትቅበሩት፤ ፊቱን ወደ ጆሯችሁ አዙሩት። ብቻችሁን ወይም ሁለት ሆናችሁ መሀል የምትቀመጡ ከሆነ ደግሞ፣ ሁለት ጥሩ ስፒከሮች ብቻቸውን ድምፁን መሀል ላይ ያቆሙላችኋል። ከዩቲዩብ የምናየው አብዛኛው የአማርኛ ድራማ በሁለት ቻናል የተቀረጸ መሆኑንም አትርሱ።

ሦስተኛ፣ የኋላ ስፒከር የሚባለው የግድ ከኋላ አይደለም። ለአምስት ነጥብ አንድ ቦታው ከጎን ትንሽ ወደ ኋላ ያለ ነው። ሶፋችሁ ግድግዳ ከነካ ጎንና ጎን፣ ከጆሮ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አቁሟቸው። ከቻላችሁም ሶፋውን ከግድግዳው ሠላሳ አርባ ሳንቲ ሜትር ሳቡት። አንዱ ስፒከር ጆሮ ሥር፣ አንዱ ኮሪደር ውስጥ የሚሆንባችሁ ከሆነ ጭራሹኑ ተዉት። ሦስት በቦታው የተቀመጠ ስፒከር ስድስት ከተበተነ ይበልጣል።

አራተኛ፣ ውፈር። ለእንደኛ ዓይነቷ ሳሎን 8 ኢንች፣ የተዘጋ ሳጥን ያለው ይበቃል፤ ትንሽ ክፍል ራሱ ቤዝ ይጨምራል። ቦታውን ለማግኘት ቀን ቀን (ደግመን እንላለን፣ ቀን!) ውፈሩን ሶፋው ላይ አስቀምጡና ሙዚቃ ክፈቱ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተንበርክካችሁ ክፍሉን ዙሩ። ቤዙ ሳያጓራ ጥርት ብሎ የተሰማበት ነጥብ የውፈሩ ቦታ ነው። እንግዳ ባለበት ግን አትሞክሩት። ከሥሩ ወፍራም ጎማ ማንጠፍ ንዝረቱን ይቀንሳል፤ ነገር ግን በአየር የሚሄደውን ቤዝ አያስቀርም። ለሱ መድኃኒቱ የውፈሩ ቁልፍ ነው። መሣሪያችሁ "ናይት ሞድ" ካለው ማታ ማታ ተጠቀሙበት፤ ንግግሩን ከፍ፣ ፍንዳታውን ዝቅ ያደርጋል።

"ይሄ የድሃ ምክር ነው፤ ሰው አቅሙ ከቻለ ለምን ትልቁን አይገዛም?" የሚል ወዳጅ አለን። ትልቅ ቪላ ያለው ይግዛ! ሳሎኑ ከምግብ ቤቱና ከደረጃው ጋር የተከፈተ ከሆነ ድምፁ ያንን ሁሉ ነው የሚሞላው፤ ትንሽ ውፈር እዚያ ውስጥ ይጠፋል። እሱንም ቢሆን የሚወስነው ክፍሉ ነው፤ የእኛ ነገር እዚያም ይሠራል። አብዛኞቻችን ግን ተከራይ ነን። አከራይ ግድግዳ ሲበሳ አይወድም፤ የቤት ኪራይ በጨመረ ቁጥርም ዕቃ ተሸክሞ መዞር አለ። ስለዚህ ዛሬ ሁለት ጥሩ ስፒከርና ነገ ሌሎች መቀበል የሚችል አምፕሊፋየር መግዛት፣ ስድስቱንም በአንድ ካርቶን ከመሸከም ይሻላል። ክፍሉ ሲሰፋ ስፒከሩም ይጨመራል።

ለሻጮችም አንድ ቃል አለን። እናንተ ወንድሞቻችን፣ ስንት ዋት እንደሆነ ከመንገራችሁ በፊት ክፍላችን ስንት በስንት እንደሆነ ጠይቁን። ልብስ የሚሰፋ ሰው እንኳን ሳይለካ አይቆርጥም።

የእኛ ካርቶን ተከፍቷልና አልተመለሰም። ግን ውፈሩን ከማዕዘን አወጣነው፤ ቁልፉን ከግማሽ በታች አወረድነው፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ከሶኬት ይነቀላል። ሶፋውን ሳብን፣ ምንጣፍ ተበድረን አነጠፍን። እሑድ ማታ ድራማ ሲኖር የሦስተኛ ፎቋ እናታችን ወደ እኛ ይወጣሉ። መሀለኛው ቦታ የእሳቸው ነው። ባለፈው "አሁን እንኳን የሚሉት ይሰማል" አሉን።

እሳቸው ሰምተው ካመሰገኑ እኛ ምን እንላለን? ቸር ያሰማን!