ክለብ ለቀማ ይብቃ!

ተማሪ ወገኖቻችን! በመካከላችን አንድ በሽታ ገብቷል። ዝም ብለን ልናልፈው ፈልገን ነበር፤ ግን በዚህ መንፈቅ ብቻ ሦስት ጓደኞቻችን በሱ ሰበብ ካልኩለስ ድሮፕ ሲያደርጉ ስላየን፣ ዝምታው እኛኑ ያስጠይቀናል ብለን ብዕር አነሣን። በሽታው ክለብ ለቀማ ይባላል። ስሙን ያወጣንለት እኛው ነን።

ምልክቱ እንዲህ ነው። የሁለት ዓመት ኮሌጅ ገብቶ ወደ አራት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር ያሰበ ተማሪ፣ በክለቦች ቀን በተዘረጋው ጠረጴዛ ሁሉ ላይ ስሙን ያሰፍራል። የአካባቢ ጥበቃ ክለብ፣ የክርክር ክለብ፣ የተማሪዎች መማክርት፣ የቼዝ ክለብ (ቼዝ አይችልም!)። ወር ሳይሞላው የአንዱ ምክትል ጸሐፊ፣ የሌላው ገንዘብ ያዥ ሆኖ ቁጭ። ምን ሠራችሁ ቢሉት፣ ፒዛ በልተን ተለያየን ነው መልሱ። ታዲያ ለምን? «ለትራንስፈር ጥሩ ነው ይላሉ።» ኧረ ለመሆኑ ማነው የሚለው?

ወሬው ከየት እንደመጣ እናውቃለን። የሃይ ስኩል ምክር ነው። አራት ዓመት ጊዜ ላለው፣ ኪራይ ለማይከፍል የ17 ዓመት ልጅ የተሰፋ ልብስ ነው፤ እኛ ለብሰነው እጅጌው ከመሬት ይጎተታል። እስቲ ቀኑን እንቁጠር። ኦገስት ላይ የጀመረ ተማሪ በሁለት ዓመት ጨርሶ ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ልዛወር ቢል፣ ማመልከቻው የሚጠናቀቀው በሁለተኛው ዓመት ኖቬምበር መጨረሻ አካባቢ ነው። ሁለት ዓመት ያልነው አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ ማለት ነው። በዚህች ጊዜ ውስጥ አምስት ክለብ ጀምሮ በአንዱም የሚታይ ነገር መሥራት አይቻልም። አንዱን ይዞ መቆየት ግን ይቻላል።

ደግሞስ በር ላይ የሚጠየቀው ምንድን ነው? የዚያው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዝቅተኛ መስፈርት ለክፍለ ግዛቱ ነዋሪ 60 የሚዛወር የሴሚስተር ክሬዲትና 2.4 ጂፒኤ ነው፤ ተፈላጊዎቹ የትምህርት መስኮች ከዚህ እጅግ የበለጠ ነጥብና ቅድሚያ መወሰድ ያለባቸውን ኮርሶች ይጠይቃሉ። እዚህ በኛ አካባቢ በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ መካከል በ2018 የተጀመረው አድቫንስ የተባለው መርሐ ግብርም መንገዱን የሚያሳየው በኮርስና በነጥብ ነው። የቼዝ ክለብ ምክትል ጸሐፊነት የትም ቦታ የካልኩለስን ጎዶሎ አይሞላም። በኛ ኮሌጅ ግን ካልኩለስ እየተጣለ ስብሰባ ይኬዳል!

እርግጥ ተግባርን አጥብቀው የሚመረምሩ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ይህን መካድ አድርባይነት ነው። ፕሪንስተን ከ1990 ጀምሮ ዘግቶት የነበረውን የዝውውር በር በ2018 ሲከፍት፣ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለሚመጡና ለቀድሞ ወታደሮች ልዩ ትኩረት ሰጥቶ ነው። እንዲህ ያሉት ቤቶች የሚቀበሉት ጥቂት ሰው ነው። ለነሱም ቢሆን ጥያቄው «ስንት ክለብ?» ሳይሆን «ምን ሠራህ? ምን ሠራሽ?» ነው።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ከመካከላችን ስንቱ ነው ሌሊት ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጦ ባዮሎጂ የሚያጠናው? ስንቷ ናት ቅዳሜና እሑድ አረጋውያንን ስትንከባከብ ውላ ሰኞ ላብራቶሪ የምትገባው? እናቱን ሐኪም ቤት ወስዶ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲያስተረጉም የሚውለውስ? እነዚህን ጓደኞቻችንን «ተጓዳኝ እንቅስቃሴ አለህ ወይ?» ብትሏቸው አንገታቸውን ደፍተው «ጊዜ የለኝም፣ ሥራ እሠራለሁ» ይላሉ። እንዴ! ሥራውስ ምንድን ነው? የካሊፎርኒያው ማመልከቻ እስከ 20 የሚደርስ ተግባርና ሽልማት የሚመዘገብበት ክፍል አለው፤ የሥራ ልምድ በዚያ ውስጥ ራሱን የቻለ መደብ ነው፤ በሳምንት ስንት ሰዓት ተብሎም ይጠየቃል። ኮመን አፕ የሚባለው የጋራ ማመልከቻም የቤተሰብ ኃላፊነትን ከተግባር ይቆጥራል። በሳምንት 30 ሰዓት የሚሠራ ሰው ይህን ሳይጽፍ ቀርቶ አንድ ቀን የሄደበትን ክለብ ይጽፋል። ያፈርነው በማይታፈርበት ነው።

በሌላ ወገን ደግሞ «ክለብ የሥራ ፈት ነው፤ ተማር፣ ብቻህን ጨርስ» የሚሉን ታላላቆቻችን አሉ። አክብሮታችን እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በዚህም አንስማማም። በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲጀምር፣ ተማሪው አንድ ዓመት ሙሉ ክፍለ ሀገር ወርዶ፣ አብዛኛውም አስተማሪ ሆኖ፣ ሳያገለግል ዲግሪ አያገኝም ነበር። ግዴታ መሆኑን አንወድለትም፤ ነገር ግን አንድ ቦታ፣ አንድ ሥራ፣ ዓመት ሙሉ ነው። ከዚያ ትውልድ የወጡ ሰዎች ዛሬም ስለዚያ ዓመት ያወራሉ። ስለ ፒዛ ስብሰባ ከ50 ዓመት በኋላ የሚያወራ ይኖራል ብለን አንጠብቅም።

ስለዚህ ስንመርጥ፣ ልንማረው ካሰብነው ሙያ አጠገብ ያለውን እንምረጥ። ነርስ ልትሆን ያሰበች አረጋውያንን መንከባከቧ በቂ ነው፤ ሌላ ፍለጋ አትሂድ። ሒሳብ የሚቀናው ማስጠኛ ማዕከሉ ይግባ፤ ይከፈለዋል፣ እያስጠና ራሱ ይማራል፣ መምህራኑም በስሙ ያውቁታል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከኮሌጅ መምህር የድጋፍ ደብዳቤ ስለሚጠይቁ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሲወጣ ሲገባ ለነበረ ሰው ማን ይጻፍለታል? የሚወደውን የሚያውቅ ደግሞ፣ ግጥም ይሁን ኳስ፣ ለማመልከቻ ሳይሆን ስለሚወደው ብቻ ይያዘው። ይኸን ቅጠል የምናባዛው እኛም ከነዚህ ነን።

ኮሌጁንም ሳንወቅስ አናልፍም። የክለቦቹ ሁሉ ስብሰባ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ በሐበሻ ሰዓት። በዚያ ሰዓት ግማሻችን ሥራ ገብተናል፣ ግማሻችን ሌሊት ሠርተን እንቅልፍ ላይ ነን። ታዲያ ክለቡ የማን ነው? ስብሰባው አንድ ሳምንት ማታ፣ አንድ ሳምንት ቀን ይሁን ብለን በጽሑፍ ጠይቀናል። ፊርማው 41 ደርሷል። ያልፈረማችሁ ካፊቴርያው በስተቀኝ፣ ሻይ ከሚቀዳበት አጠገብ አለን፤ ከሥራ መልስም ቢሆን እንጠብቃችኋለን።