የአባባ ሁለት ነጥብ

እኔ ሰሞኑን አገር ቤት ነበርኩ። ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው መርሳ፣ እህቴ ቤት። የሄድኩት ለአባታችን ሙት ዓመት ነው። የማወጋችሁ ግን የእህቴ ልጅ ወልድያ ላይ ስለከፈተው ሥራ ነው፤ ሁለቱ ነገሮች መጨረሻ ላይ ስለሚገናኙ ትንሽ ታገሱኝ።

የዛሬ ዓመት ገደማ እህቴ ደውላ ‹‹ወንድምጋሼ፣ ይሄ ልጅ በዕቁቤ ብር ሌዘር ገዛበት!›› ስትለኝ ጃኬት መስሎኝ ነበር። ‹‹ምን ዓይነት ጃኬት ነው ዕቁብ የሚጨርስ?›› አልኳት። ‹‹የሚለበስ መች ሆነ! እንጨት የሚያቃጥል ነው›› አለችኝ፤ ድምጿ ውስጥ ለቅሶ ነበር። ቆዳውንም ጨረሩንም በአንድ ስም እየጠራን እንዴት እንደምንግባባ እንጃ። ዕቁቡ ለቤቱ ቆርቆሮ መቀየሪያ የታሰበ ነበር። ልጁ ግን ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሁለት ዓመት ሥራ ሲፈልግ ስለኖረ፣ እናት ናትና ሰጠችው። ቆርቆሮው ዛሬም ያፈሳል።

ስለዚህ ወልድያ እንደደረስኩ መጀመሪያ የሄድኩት ከመናኸሪያው አለፍ ብሎ ወዳለችው ጠባብ ሱቁ ነው። ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ የብረት ክፈፍ ያለው፣ ሰማያዊ ጨረር የሚተፋ ትንሽ ነገር ነው። ኮምፒዩተሩ ላይ ያለው ሶፍትዌር ጨረሩ የት እንደሚሄድ፣ በምን ያህል ፍጥነትና ኃይል እንደሚሄድ ያዘዋል። ፍጥነቱ ሲጨምር፣ ኃይሉ ሲቀንስ እንጨቱን ያጠቁረዋል፤ ይኸውም ቀረጻ መሆኑ ነው። ቀስ ብሎ በሙሉ ኃይሉ ሲሄድ ደግሞ ቆርጦ ያልፋል።

‹‹ማሽኑን ሁሉም ሰው ሊገዛው ይችላል ጋሼ፤ ሥራው ያለው እዚህ ጋ ነው›› አለኝ ወደ ስክሪኑ እየጠቆመ።

መጀመሪያ የሠራው ሌዘርጂአርቢኤል በሚባል ሶፍትዌር ነበር። ነፃ ነው፤ ፎቶ እንጨት ላይ ለማውጣት ምንም አይልም። ለመሳል ደግሞ ኢንክስኬፕ አለ፤ እሱም ነፃ ነው። ልጆቻችሁ በዚህ መንገድ መግባት ቢፈልጉ ከእነዚህ ቢጀምሩ ገንዘብ አይጠይቃቸውም። አሁን የሚጠቀምበት ላይትበርን ይባላል። 30 ቀን በነፃ ያስሞክራል፤ ከዚያ ይገዛል። አንዴ ከተገዛ በየወሩ ክፈል አይልም። የአንድ ዓመት አዳዲስ ማሻሻያዎች አብረው ይመጣሉ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ባለማደስ የሚቋረጠው ማሻሻያው እንጂ ሥራው አይደለም። ክፍያው በዶላር ካርድ ስለሆነ ውጭ አገር ያለ ያጎቱ ልጅ ከፈለለት። የተሰረቀ ቅጂ በፍላሽ ሊሰጠው የመጣ ጓደኛ እንደነበረ ነገረኝና ‹‹ከቫይረሱ ጋር ማለት ነው›› ብሎ ሳቀ።

እነዚህ ሶፍትዌሮች ባለፉት ጥቂት ዓመታት ያገኟቸውን ችሎታዎች አንድ በአንድ አሳየኝ። የእንጨት መሞከሪያ የሚሉት አለ፤ ቁራጭ ላይ በርካታ ትንንሽ ካሬዎችን በተለያየ ፍጥነትና ኃይል ያቃጥልና የትኛው እንደሚያምር በዓይን ይመረጣል። ዋንዛና ኮምፔንሳቶ አንድ ዓይነት አይቃጠሉም፤ ድሮ ይህን ለማወቅ አንድ ሙሉ ጣውላ ይበላሽ ነበር። ከላይ ካሜራ ከተገጠመለት ደግሞ እንጨቱ ራሱ ስክሪኑ ላይ ይታይና ጽሑፉን ጎትቶ የሚፈለገው ቦታ ላይ ማሳረፍ ነው። ቅድመ ዕይታውም ሥራው ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ይገምታል። መብራት መሐል ላይ ቢጠፋ ደግሞ እዚያው ቅድመ ዕይታ ላይ ወደ ቆመበት ቦታ ተሂዶ ‹ከዚህ ጀምር› ማለት ይቻላል። ታዲያ መብራት እስኪመለስ እንጨቱን ማንም እንዳይነካው ነው! አንድ ቀን እህቴ ልታጸዳ ብላ አንስታው፣ የአንዲት ሙሽራ ፊት ሁለት አፍንጫ አወጣ።

እኔን የገረመኝ ተለዋዋጭ ጽሑፍ የሚሉት ነው። በምርቃት ሰሞን የ60 ተመራቂዎች ስም ያለበት የቁልፍ መያዣ ታዘዘ። ስሞቹ ሠንጠረዥ ላይ ይጻፋሉ፤ ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ስም በየተራ አንስቶ በየቦታው ያስቀምጣል። ጥሩ። ዝርዝሩ ሲመጣ ግን በአንድም ስም ላይ ፊደል የለም፤ የእንግሊዝኛ ፊደልና የቅንፍ ቁልል ሆኖ ቁጭ አለ። ዝርዝሩን የጻፈው ሰው ባረጀ የአማርኛ መጻፊያ ነበር የጻፈው። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት መጻፊያዎች ‹ሀ›ን በእንግሊዝኛ ፊደል ወንበር ላይ አስቀምጠው ነው አማርኛ የሚያስመስሉት፤ ያ የፊደል ፋይል በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ወንበሩ ብቻ ይቀራል። 60ውን ስም እንደገና ጻፈ። ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ ሠንጠረዡን ሲያስቀምጥ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ባለመምረጡ ስሙ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆነ። ይህን የምጽፈው ልጆቻችሁ ሌሊቱን እንዳያድሩበት ነው።

ትልቁ ጉድ ግን የመጣው ከሠርግ ነው። ከኋላው መብራት የሚበራለት፣ ፊደሉ ተቆርጦ የወጣ ሰሌዳ ታዘዘ። ጽሑፉ ‹‹መልካም ጋብቻ›› ነው። ማሽኑ ቆርጦ ሲጨርስ ሰሌዳውን ቢያነሳው አራት ቁራጭ እንጨቶች ከሥሩ ቀሩ። ‹መ› ሁለት ሆድ አላት፤ ‹ም›ም ሁለት። ዙሪያቸው ሲቆረጥ ሆዱን የሚይዘው ነገር የለም፤ ይወድቃል። ቁራጮቹን በሙጫ ለመመለስ ሞከረ፤ አንዱ ተንጋደደ። የሙሽራዋ ወንድም አየና ግማሹን ብቻ ከፍሎ ሄደ። እህቴ ያን ማታ ደውላልኝ ነበር፤ ስለ ፊደሉ ሆድ ሳይሆን ስለ ዕቁቧ።

ሶፍትዌሩ ለዚህ የሚሆን መላ ያለው ይመስላል። ቆራጩ መስመር ላይ በየቦታው ጥቂት ሳይቆረጥ የሚቀር ስፍራ መተው ይችላል። ልጁ ሞከረው። ግን ያ የተሠራው ቁራጩ ማሽኑ ላይ እያለ እንዳይወድቅ፣ በኋላ በእጅ ተሰብሮ እንዲወጣ ታስቦ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልሰው ‹ም› ሆዷን መልሳ ጣለች።

መፍትሔው የመጣው ከሰፈሩ ሠዓሊ ነው። እሳቸውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። የጭነት መኪና በር፣ የእህል ጆንያ፣ የሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ሲጽፉ ነው የኖሩት። ጆንያ ላይ ቶሎ ቶሎ ለመጻፍ ካረጀ የራጅ ፊልም ፊደል እየቆረጡ፣ እሱን ከላይ አስቀምጠው ቀለም ይመቱበት ነበር። ሱቁ ደጃፍ ቆመው የወደቁትን ቁራጮች አዩና ሳቁ።

‹‹ሆድ ያለው ፊደል እትብት ይፈልጋል ልጄ። እትብቱን ቆርጠህ ነው የጣልከው።››

‹‹የቱ ጋ ልተወው ጋሼ?›› አላቸው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። እርሳስ ተቀብለው ኮምፔንሳቶው ላይ ‹ወ›ን ጻፉለት። ‹‹ከታች ብትከፍታት ‹ጠ› ትመስላለች። ከላይ ብትከፍታት ‹ሠ› ትሆንብሃለች። ከጎንዋ ነው፣ ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ፣ ቀጭን አድርገህ።›› ‹ቤ› እና ‹ሌ› እግራቸው ሥር ላለችው ቀለበት አንድ እትብት እንደሚበቃት፣ ‹ቀ› ግን ግራና ቀኝ እንደምትፈልግ ነገሩት። የ40 ዓመት ዕውቀት በአንድ የሻይ ሰዓት አለቀ። ልጁ ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ ላይ ቀጫጭን አራት ማዕዘኖች ሣለ፤ ከፊደሉ ላይ ‹ቀንስ› የሚለውን ትእዛዝ ሰጠ፤ እትብቶቹ ቀሩ። ሠላሳ ያህል ፊደል እንዲህ አድርጎ አስቀምጧል። አሁን ሠዓሊው ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ፤ እሱም ከእያንዳንዱ ባለ ሆድ ሰሌዳ ላይ ድርሻቸውን ይሰጣቸዋል። ጥያቄው የእህቴ ነበር፤ ‹‹የሰው ሙያ በነፃ አይወሰድም›› ብላ።

በነገራችን ላይ፣ ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ማሽን ያለው አንባቢ ካለ፦ ፒቪሲ የሚባለውን ፕላስቲክ በፍጹም አይቁረጡበት፤ ሲቃጠል የሚወጣው የክሎሪን ጭስ ሳንባንም ማሽኑንም ይበላል። ለጨረሩ የተሠራውን መነጽር ሳያደርጉ አይቅረቡ፣ ማሽኑ እየሠራም ጥለውት አይውጡ። ሰማያዊው ጨረር ብርሃን የሚያሳልፈውን አክሪሊክ ስለማይቆርጠው ማሽኑ ተበላሸ ብለው አይደንግጡ፤ ያን የሚቆርጠው የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሌዘር ነው።

ወደ አባባ ልመለስ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በጦርነቱ ውስጥ በነበረችበት ጊዜ የአባታችን ቤት ተከፍቶ ዕቃው ወጣ። ዕቃው ይቅር፤ የፎቶ አልበሙም አብሮ ሄደ። የአባባ አንድም ፎቶ የለንም። የቀረን እኔ ደሴ ስማር በ1974 ዓ.ም. የጻፈልኝ አንድ ደብዳቤ ነው። እህቴ ሳጥን ውስጥ ትቼው ስለነበር ተረፈ። ለሙት ዓመቱ ፎቶ ካላገኘን እጅ ጽሑፉን እንጨት ላይ እናውጣው አልን።

ልጁ ደብዳቤውን በስልኩ አነሳና ሶፍትዌሩ ‹ሥዕሉን ተከተል› በሚለው በኩል አስገባው። ይህ ሥራ የጠቆረውን ከነጣው እየለየ ዙሪያውን መስመር ያወጣለታል። ወዲያውኑ የአባባ ‹ል› ከነአንገቷ ስክሪኑ ላይ ወጣች። እህቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ወረቀቱ የታጠፈበት መስመርም አብሮ ወጥቶ ነበር፤ እሱን አጠፋው። ዋንዛ ላይ ለሙከራ አንድ መስመር ቀረጸና ሰጠኝ።

አነበብኩት። ልክ ነው፣ ግን የሆነ ነገር ከነከነኝ። የአባባ ጽሑፍ ነው፣ የአባባ ድምፅ ግን አልመጣልኝም። ደብዳቤውን አጠገቡ ሳስቀምጥ ገባኝ፦ ‹‹ልጄ፡ሆይ፡ክረምቱ፡ሳይገባ፡ና።›› እሱ እንደተማረበት ዘመን በየቃሉ መሐል ሁለት ነጥብ ያስቀምጣል። እንጨቱ ላይ አንድም ነጥብ የለም።

‹‹ነጥቦቹስ?›› አልኩት።

‹‹የቱ ነጥቦች?›› አለኝ። እውነቱን ነው፤ ባዶ ቦታ እየተወ ነው ያደገው፤ በሁለት ነጥብ ቃል ለይቶ አያውቅም። ሶፍትዌሩ ላይ ‹ከዚህ ያነሰውን እለፍ› የሚል ቁጥር አለ፤ የወረቀት እድፍና ትቢያ እንዳይቀረጽ የሚያጣራ ነው። እሱ ጥሩ ሥራ ብሎ ቁጥሩን ከፍ አድርጎታል። የአባባ ነጥቦች ከእድፉ ጋር ተጠርገዋል።

ቁጥሩን ወደ ዜሮ አወረደው። ነጥቦቹ ሁሉ ተመለሱ። ከእነሱ ጋር የ40 ዓመት የኩራዝ ጥቀርሻ፣ የሳጥን አቧራ፣ የዝንብ አሻራ ሁሉ ተመለሰ፤ ስክሪኑ በርበሬ የተበተነበት መሰለ። ከዚህ በኋላ የሚያጣራ ቁልፍ አልነበረም። እህቴ መነጽሯን አድርጋ ከልጇ ጎን ተቀመጠች፤ ደብዳቤውን እጇ ላይ ይዛ እያስተያየች ጣቷን ስክሪኑ ላይ ታሳርፋለች፣ እሱ ያጠፋል ወይ ይተዋል።

‹‹ይቺ የአባባ ናት። ይቺም የአባባ። ይቺ የዝንብ ናት፣ አጥፋት። እነዚህ ሁለቱ የአባባ... ቆይ፣ ይቺኛዋ የኩራዝ ናት።››

እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል መጨረሻው መስመር ላይ ደረሱ። ‹‹ና›› ከሚለው ቃል ጎን ከሌሎቹ ከፍ ያለች አንዲት ጥቁር ጠብታ አለች። ቀለም ይሁን ሌላ፣ ሦስታችንም ብናይ ብናይ አልለየንም።

‹‹ይቺንስ እማ?›› አላት።

እህቴ ደብዳቤውን ወደ መብራቱ ጠጋ አድርጋ ረጅም ጊዜ አየችው።

‹‹ተዋት›› አለችው።