የተበየደ ዲፍረንሻል የጨፋን ጭቃ ቢያሻግርም ጣርማበር ላይ ያስከፍላል

ከኮምቦልቻ ወደ ሸዋሮቢት የሚወስደው አስፋልት ከሚሴን አልፎ ጨፋ ሮቢት ሲደርስ፣ ከመንገዱ ወረድ ብሎ ያለው ሜዳ አብዛኛው ዋልካ ነው። በጋ ላይ እግር እስኪያስገባ የሚሰነጣጠቀው ይህ ጥቁር አፈር ዝናብ ሲነካው ያብጥና ጎማ ላይ እየተጠቀለለ የጎማውን ጥርስ ይደፍነዋል። ማሽላውና ማሾው የሚጫነው ደግሞ ከማሳው ዳር ነው። አይሱዙው ባዶውን ያለችግር ይገባል፤ ጭኖ ሊወጣ ሲል ያለጊዜው የጣለ አንድ ዝናብ ይበቃዋል። ከኋላ አንዱ ጎማ ጭቃ እየረጨ ይሽከረከራል፣ ሌላኛው ንቅንቅ አይልም። ሾፌሩ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር የሚሽከረከረው ጎማ ጉድጓዱን ያጠልቃል። ረዳቱ ድንጋይና የማሽላ አገዳ ይጎዘጉዛል። አልሆን ሲል ኩንታሉ አንድ በአንድ ይራገፋል።

እንዲህ ያለ ቀን ካለፈ በኋላ ጋራዥ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሰማ ምክር አለ፦ «ዲፍረንሻሉን አስበይደውና ተገላገል።»

ምክሩ ከባዶ የመጣ አይደለም። የሞተሩ ኃይል በካምቢዮና በትራስሚሲዮን አልፎ ፒኞኑን፣ ፒኞኑም ኮሮናውን ያዞራል። ኮሮናው በተሸከመው ቤት ውስጥ ያሉት ትንንሽ ጥርሶች ጎማዎቹን የሚያዞሩት የግራና የቀኝ ሴሚያሶች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ይፈቅዳሉ። መኪና ሲታጠፍ የውጭኛው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ ይህ የግድ ያስፈልጋል፤ ፈረንሳዊው ኦኔሲፎር ፔከር በ1820ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በእንፋሎት ለሚሄድ ተሽከርካሪ ያሰበውም ለዚሁ ነበር። ችግሩ ዲፍረንሻሉ ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለው ጉልበት እኩል መሆኑ ላይ ነው። ጭቃ ላይ ያለው ጎማ መሬት መቆንጠጥ ካልቻለ የሚወስደው ጉልበት ትንሽ ነው፣ ደረቅ መሬት ላይ ያለውም የሚደርሰው ያችኑ ያህል ብቻ ነው። ሞተሩ የቱንም ያህል ቢጮህ መኪናው አይነሳም።

በያጁ የሚያደርገው ቀላል ነው። ዲፍረንሻሉን ያወርዳል፣ ትንንሾቹን ጥርሶች እርስ በርስ በኤሌክትሮድ ያያይዛል፣ መልሶ ይገጥማል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሴሚያሶች እንደ አንድ ብረት ይዞራሉ። ሥራው በአንድ ቀን ያልቃል፣ ወጪውም ጥቂት ነው። ጭቃውን የተሻለ ይወጣ እንደሆነ ከተጠየቀ፣ አዎ ይወጣል። ይህን መካድ አይቻልም፤ ብየዳውን የሚቃወም ሰውም ከዚህ መጀመር አለበት።

ነገር ግን ይኸው መኪና እህሉን ይዞ አስፋልት ሲወጣ ብየዳው አብሮት ይወጣል። ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ጣርማበርን ይወጣል፤ ሲመለስ በደብረ ሲና ጠመዝማዛ አድርጎ 1300 ሜትር ገደማ ወዳለው ሸዋሮቢት ይወርዳል። በግራና በቀኝ የኋላ ጎማዎቹ መካከል 1.65 ሜትር ርቀት ያለው መኪና በአንድ ሙሉ ቅልብስ መታጠፊያ ላይ ሲዞር፣ የውጭኛው ጎማ ከውስጠኛው ከ5 ሜትር በላይ ይበልጣል። ይህ አይሱዙ ኤንፒአር ላይ በሚታሰረው ባለ 16 ኢንች ጎማ ሲሰላ ሁለት ሙሉ ዙር ያህል ነው። ጤነኛ ዲፍረንሻል ይህን ልዩነት በጥርሶቹ ይውጠዋል። የተበየደው ግን የሚውጥበት ቦታ የለውም፣ ስለዚህ አንዱ ጎማ በግድ መንሸራተት፣ ወይም ሴሚያሱ መጠምዘዝ አለበት። ዋልካ ላይ ጎማው በቀላሉ ይንሸራተታልና ማንም ልብ አይለውም። ደረቅ አስፋልት ላይ ኩንታል የተሸከመ ድርብ ጎማ በቀላሉ አይንሸራተትም፤ ጎማው ይበላል፣ ሴሚያሱ እየተጠመዘዘና እየተፈታ ይደክማል፣ አንድ ቀን ይሰበራል።

እርጥብ አስፋልት ላይ ደግሞ አደጋው ሌላ ነው። ጣርማበር በጉምና በካፊያ የታወቀ ነው። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ሞተሩን እንደ ፍሬን እየተጠቀመ ሲወርድ፣ በመታጠፊያው ላይ አንዱ የኋላ ጎማ መንሸራተት ግዴታው ስለሆነ የመኪናው ኋላ መሬት የያዘበት አቅም ይቀንሳል። ፊቱ በበኩሉ መታጠፉን ትቶ ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል። ከታች በጨፋ ሜዳ በበጋ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብትና ግመል ወደ ቦርከና ወንዝ ግጦሽ ሲነዱ አስፋልቱን ያቋርጣሉ፤ ሰንበቴ በእሑድ ገበያ ሲውል መንገዱ በሰው ይሞላል። በዚህ መንገድ ላይ መሪውን ቶሎ የማይታዘዝ የጭነት መኪና መኖር የለበትም። ባለቤቱ ጥቅሙን ያሰላው ለራሱ ሲሆን ጉዳቱ የሚደርሰው መንገድ ዳር ላለው ሁሉ ነው።

የብየዳው ጥራትም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የዲፍረንሻል ጥርስ ላዩ በሙቀት የጠነከረ ብረት ነው፤ ቀድሞ ሳይሞቅ፣ በእርጥብ ኤሌክትሮድ ሲበየድ ከብየዳው ጎን ያለው ብረት ተሰባሪ ይሆናል። ስንጥቁ ከውጭ አይታይም። ቁራጭ ከወደቀ ኮሮናና ፒኞኑ መሃል ይገባል፣ የኋላውን ጎማ በጉዞ ላይ ቀጥ አድርጎ ሊይዘው ይችላል።

ለብየዳው የሚቀርብ አንድ ከባድ መከራከሪያ አለ፣ ሊደበቅም አይገባም። የኤንፒአር የእጅ ፍሬን የሚይዘው ከካምቢዮው ኋላ ትራስሚሲዮኑን ነው። ጤነኛ ዲፍረንሻል ያለው መኪና አንድ ሴሚያስ ከተሰበረበት የእጅ ፍሬኑም ሆነ የሞተሩ መያዝ አብሮ ይጠፋል፤ የተበየደው ግን በቀሪው ሴሚያስ ይይዛል። እውነት ነው። ሴሚያሱን ቶሎ የሚያሰብረው ግን ያው ብየዳ መሆኑ ሚዛኑን ይደፋዋል።

በዚህ መስመር ከጭቃ ጋር መታገል አዲስ ነገር አይደለም። ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. ከደሴ የተነሳው የጣሊያኑ ማርሻል የባዶሊዮ ወራሪ ጦር ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪዎች ይዞ በዚሁ አቅጣጫ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ፣ ጣርማበር ላይ የፈረሰው መንገድና ዝናቡ አስቁሞት ወታደሩ ካሚዮኖቹን በትከሻው ገፍቷል። ከዚያ ወዲህ ግን ቴክኖሎጂው ርቆ ሄዷል። ዛሬ በጨፋ ሮቢት መሃል የሚያልፈው ሲኖትራክ ከፋብሪካው ሲወጣ ዲፍ ሎክ አለው፤ በሁለቱ የኋላ አክስሎች መካከልም፣ በግራና በቀኝ ጎማ መካከልም በማብሪያ ይቆለፋል፣ ይከፈታል። ላንድ ክሩዘርም በኤሌክትሪክ የሚቆለፍ የፋብሪካ ምርጫ አለው።

መፍትሔው እዚያ ላይ ነው፦ ሲፈለግ የሚቆለፍ፣ ሲበቃ የሚለቀቅ። የአውስትራሊያው ኤአርቢ የሚሠራው ዓይነት ሎከር በታመቀ አየር ይሠራል፤ አየሩ ሲገባ ሁለቱን ሴሚያሶች ያስራል፣ ሲለቀቅ ዲፍረንሻሉ ወደ ተፈጥሮው ይመለሳል። የአየር ፍሬን ያለው መኪና አየሩ ከራሱ አለ፣ ኤንፒአርን ለመሰለ መኪና ግን ትንሽ ኮምፕሬሰር ይጨመራል። አጠቃቀሙም ሥርዓት አለው። ጎማው እየተሽከረከረ ሳለ መቆለፍ ጥርስ ይሰብራል፤ መኪናው ይቆማል፣ ይቆለፋል፣ በዝግታና ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ጠንካራ መሬት ሲነካ ወዲያው ይከፈታል። ማብሪያው ያላቸው ብዙ ሾፌሮች ይህን የሚያስተምራቸው አለማግኘታቸው ያሳዝናል። ሎከር ተቆልፎ ሲረሳ ከብየዳ አይለይም።

ዋጋው ከብየዳ ጋር አይወዳደርም፤ ዕቃው የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው፣ ለቀላል ጭነት መኪናም ምርጫው ጠባብ ነው። በዓመት ጥቂት ሳምንት ጭቃ ለሚገባ አይሱዙ ደግሞ ሎከርም ላያስፈልገው ይችላል። ጥርሱ ያላለቀ የኋላ ጎማ፣ በመኪናው ላይ የማይጠፉ ሁለት ጠንካራ ጣውላዎች፣ አንድ ሰንሰለት፣ ከማሳው ግማሽ ጭኖ ቀሪውን አስፋልት ዳር መሙላት አብዛኛውን ቀን ያሳልፋሉ። ከሁሉ በላይ ግን፣ መኪናው የሚሰምጠው ብዙ ጊዜ በአስፋልቱና በማሳው መካከል ባለችው አጭር መንገድ ላይ ነው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን በጋ ከክረምት በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ታስቦ ነበር፤ ወረዳዎቹና የገበሬ ማኅበራቱ እህል ወደሚጫንባቸው ቦታዎች ጠጠርና የውሃ ማፋሰሻ ቢያደርሱ፣ ባለመኪናው ዲፍረንሻሉን ለማስበየድ ምክንያት ያጣል።

እስከዚያው ቁጥጥሩ መጥበቅ አለበት። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መኪና በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል። ብየዳውን ለማወቅ ደግሞ ዲፍረንሻል መክፈት አያስፈልግም። የፊት ጎማዎቹ በታኮ ተይዘው የኋላው አክስል በክሪክ ይነሳና ካምቢዮው ማርሽ ውስጥ ይገባል፤ አንዱ ጎማ በእጅ ሲዞር ሌላው ወደ ተቃራኒው ከዞረ ጤነኛ ነው፣ ጎማው አልዞር ካለ ተበይዷል ወይም ተቆልፏል። ቦሎ የሚሰጠው መርማሪ ይህን ከፍሬን ምርመራው ጋር ቢያደርገው የሚወስድበት ደቂቃዎች ብቻ ነው፤ ያገለገለ አይሱዙ የሚገዛ ሰውም ከመፈረሙ በፊት ያድርገው።

አስቀድሞ ያስበየደ ባለቤት ብየዳውን በመፍጫ ለማስለቀቅ ባይሞክር ይሻለዋል፤ በሙቀት የተጎዳ ጥርስ ተመልሶ አይጸናም። ጥርሶቹን ከነቤታቸው ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ ፈልጎ መቀየር፣ ሁለቱን ሴሚያሶች አውጥቶ ስንጥቅና መጠምዘዝ መፈተሽ፣ የአክስሉን ውስጥ ከብየዳ ፍንጣሪ አጥቦ አዲስ ዘይት መሙላት ይኖርበታል። ሥራው ከሚቀጥለው ጉዞ በፊት፣ መኪናው ገና ጨፋ ሮቢት ቆሞ ሳለ ቢያልቅ ይመረጣል።