የጭልጋ ከሰልና የብረት ዱቄት

በጎንደር ባጃጆች ከማደያው ደጃፍ ተሰልፈው ሲውሉ፣ ከሰልፉ ጥግም ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ ሲቸረቸር ያየ ሰው፣ «ጭልጋ ከሰል ተቀብሮ እያለ ስለ ምን በነዳጅ እንቸገራለን?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው የሚነቀፍ አይደለም፤ ጀርመናዊው ሊቅ ፍሬድሪክ ቤርጊዩስ ከሰልን ከሃይድሮጂን አዋሕዶ ዘይት የሚያደርግበትን ጥበብ አግኝቶ በ1931 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት ከካርል ቦሽ ጋር ተካፍሏልና፤ ደቡብ አፍሪካም በሌላ መንገድ፣ ከሰሉን አስቀድማ ጋዝ አድርጋ፣ ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነዳጅ አውጥታበታለችና። ነገር ግን ጠያቂው ሁሉ የከሰሉን ብዛት ሲያሰላ፣ ምስጢሩ በአንዲት ረቂቅ ዱቄት እንዳለ አያስተውልም።

ይህች የብረት ዱቄት ካታሊስት የሚሏት አፋጣኝ ቅመም ናት። የጉባኤ ቤት ተማሪ «ያለ ውላጤ» (ያለ መለወጥ) የሚለውን ቃል ያውቀዋል፤ ካታሊስትም ሌላውን ለውጦ ራሱ ሳይለወጥ ይወጣል ይባላል (ብረት ግን ከዚህ ማዕርግ በሙሉ አይደርስም፤ ከሰሉ በሚሞቅበት ጋን ውስጥ ከድኝ ጋር ተዋሕዶ ሌላ ነገር ይሆናልና)። ብረት የተመረጠው ከሁሉ በልጦ ሳይሆን፣ ርካሽ ስለ ሆነና ከአመዱ ጋር ቢጣል ስለማያስቆጭ ነው፤ ድካሙንም የሚክስለት ልመቱ ነው። ጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር የሆነ የብረት ኩብ ገጹ ሁሉ ቢደመር 6 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው፤ ያው ብረት ጎናቸው የሚሊ ሜትር መቶ ሺህኛ እጅ በሆነ ኩቦች ቢከፋፈል ግን ገጹ 600 ካሬ ሜትር ይሆናል።

ቁም ጸሐፊ ለቀለሙ ጥላሸት ሲወቅጥ የሚያሳየው ትዕግሥት የሚደነቅ ነው፤ እዚህ ግን ሙቀጫ አይበቃም። የብረት ጨው በውሃ ይሟሟል፣ የከሰል ዱቄት ይነከርበታል፣ ከዚያ አሞንያ ጠብ ጠብ ሲደረግበት ዝገት የመሰለ ነገር በእያንዳንዷ የከሰል ቅንጣት ገላ ላይ ይረጋል፤ ደርቆም ከድኝና ከዘይት ጋር ተለውሶ፣ በሃይድሮጂን ብርቱ ግፊት ሥር እስከ 450 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል።

የጭልጋ ከሰል ለጋ ነው፤ ለጋው ከጠናው ይልቅ ለመሟሟት ይቀላል፣ አመዱ ግን ብዙ ነው። የሃይድሮጂኑ ዋጋና የጭሱ ነገርም ስላለ፣ እኔ በጭልጋዋ ከተማ በአይከል ፋብሪካ ይተከል ከሚሉት ወገን አይደለሁም። የምለው፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ተማሪዎች ይህን የማርጋት ጥበብ በገዛ አገራቸው ከሰል ይማሩበት ነው፤ ከሰሉ በመተማ መንገድ በጥቂት ኬሻ ይመጣል፣ የሚቸግረው ግፊት የሚችል፣ ከጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ አንድ የብረት ጋን ነው።